አድራሻውን ማን ይመድብ? የቤት ራውተርና የዲኤችሲፒ ዳሰሳ

ስልኩን ከዋይፋይ ጋር የሚያገናኝ ሰው የሚጠየቀው የይለፍ ቃል ብቻ ነው። ቃሉ ከገባ በኋላ ግን ስልኩና ራውተሩ ሌላም ጉዳይ ይጨርሳሉ፦ ስልኩ በዚያ ቤት በየትኛው ቁጥር እንደሚጠራ፣ ወደ ውጭ ሲወጣ በማን በኩል እንደሚያልፍ፣ የድረ ገጽ ስም ሲሰጠው አድራሻውን ማንን እንደሚጠይቅ፣ ይህ ሁሉ ለስንት ሰዓት እንደሚጸና። ይህን የሚያከናውነው ሥርዓት ዲኤችሲፒ ይባላል። የቤት ራውተሮች ከሞላ ጎደል ሁሉም ከፋብሪካ ሲወጡ ይኸው ሥርዓት በርቶ ስለሚመጣ፣ አብዛኛው ተጠቃሚ መኖሩን የሚያውቀው ሲበላሽ ነው።

ሲበላሽ የሚሰጠው ምክር ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ባለሙያ ሁሉንም ለራውተሩ መተው ነው ይላል። ካሜራ የሚገጥመው ሰው በበኩሉ ቁጥሩን በእጁ ሳያስገባ አይሄድም። ሦስተኛው ራውተሩ ላይ ለየዕቃው ቋሚ ቁጥር ማስያዝ ይመርጣል። ክርክሩ የሚወሳሰበው አራት የተለያዩ አሠራሮች «አውቶማቲክ» እና «ስታቲክ» በሚሉ ሁለት ስሞች ስለሚጠሩ ነው፤ እነሱን ለመለየት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከእጅ መዝገብ ወደ ሊዝ

በኔትወርክ መጀመሪያ ዘመን ኮምፒውተር ካስቀመጡት ቦታ የማይነቃነቅ ዕቃ ነበር። አስተዳዳሪው አንድ ቁጥር መርጦ ይጽፍለታል፤ ያ ቁጥር ከማሽኑ ጋር አብሮ ያረጃል። ነገሩን የቀየረው ዲስክ የሌላቸው ኮምፒውተሮች መምጣታቸው ነው። እነዚህ ማሽኖች ሲበሩ የሚያስታውሱት ነገር የለም፤ ያላቸው ፋብሪካው በኔትወርክ ካርዳቸው ላይ የጻፈው የማክ አድራሻ ብቻ ነው። በ1984 የወጣው ሪቨርስ አርፕ የተባለው ዘዴ ማሽኑ «የማክ አድራሻዬ ይህ ነው፤ የአይፒ ቁጥሬ ስንት ነው?» ብሎ እንዲጠይቅ አስቻለ። መልሱ ግን ቁጥሩን ብቻ ነበር፤ ጥያቄውም ከአንድ የኔትወርክ ክልል አልፎ አይሄድም።

በመስከረም 1985 የስታንፎርዱ ቢል ክሮፍትና የሰን ማይክሮሲስተምሱ ጆን ጊልሞር ቡትፒ የተባለውን ሥርዓት አቀረቡ። ቡትፒ ከቁጥሩ ጋር የመውጫ በሩን አድራሻና ማሽኑ የሚነሳበትን ፋይል ስም ይልካል፤ በአስተላላፊ አማካይነትም ወደ ሌላ የኔትወርክ ክልል ይሻገራል። የቀረበት ጉድለት መዝገቡ ነው። የትኛው ማክ የትኛውን ቁጥር እንደሚያገኝ አስቀድሞ የሚጽፍ ሰው ያስፈልገዋል። ላፕቶፕ የያዘ እንግዳ ከች ሲል ለእሱ የሚሆን መስመር በመዝገቡ ውስጥ የለም።

ይህን የፈታው ዲኤችሲፒ ነው። በአሜሪካ ፔንስልቬኒያ የባክኔል ዩኒቨርሲቲው ራልፍ ድሮምስ ያዘጋጀው የመጀመሪያው ሰነድ በጥቅምት 1993 ወጣ፤ ዛሬም የሚሠራበት አርኤፍሲ 2131 ደግሞ በመጋቢት 1997። ድሮምስ የቡትፒን የመልእክት ቅርጽና 67 እና 68 የተባሉትን የፖርት ቁጥሮች እንዳሉ ተዋቸው። አዲሱ ነገር የጊዜ ገደቡ ነው፤ ቁጥሩ እንደ ከተማ መሬት በሊዝ ይሰጣል፣ ዘመኑ አልቆ ካልታደሰ ወደ ሰጪው ይመለሳል።

ዛሬ ተቀላቅሎ የሚነገረውን የሚለየውም ይኸው ሰነድ ነው። በዲኤችሲፒ ውስጥ ሦስት ዓይነት አመዳደብ አለ ይላል። አንደኛው ሰርቨሩ ራሱ መርጦ ለዘለቄታው የሚሰጠው ነው። ሁለተኛው ሰርቨሩ መርጦ ለተወሰነ ጊዜ የሚያከራየው ነው፤ በየቤቱ ያለው ይህ ነው። ሦስተኛው አስተዳዳሪው ሰርቨሩ ላይ ወስኖ፣ ሰርቨሩ የሚያደርሰው ነው፤ የራውተር ገጾች ሪዘርቬሽን የሚሉት እሱን ነው። ከእነዚህ ሁሉ ውጭ ያለው አራተኛው፣ ዕቃው ላይ በእጅ የሚጻፈው ቁጥር፣ ዲኤችሲፒ ጭራሽ የማያውቀው ነው። የብዙ ቤቶች ችግር የሚወለደው በሦስተኛውና በአራተኛው መካከል ባለው ልዩነት ላይ ነው።

አራቱ መልእክቶች

ልውውጡ ቀላል ነው። ገና ቁጥር የሌለው ስልክ ላኪውን 0.0.0.0፣ ተቀባዩን 255.255.255.255 ብሎ ለሁሉም የሚሰማ ጥሪ ያሰማል። ራውተሩ «192.168.1.137 ይሁንልህ» ብሎ ያቀርብለታል። ስልኩ ያንኑ ቁጥር እንዲሰጠው እንደገና ለሁሉም በሚሰማ ጥሪ ይጠይቃል፤ ጮክ ብሎ የሚጠይቀው ሌላ ሰርቨር ካለ አለመመረጡን እንዲያውቅ ነው። በመጨረሻ ራውተሩ ያጸድቃል። የተሰጠው ሊዝ 24 ሰዓት ከሆነ ስልኩ በ12ኛው ሰዓት ራውተሩን ለብቻው ዕድሳት ይጠይቃል። ካልተመለሰለት በ21ኛው ሰዓት ማንም ሰርቨር እንዲያድስለት በጩኸት ይጠይቃል። በ24ኛው ሰዓት ቁጥሩን መጠቀም ማቆም አለበት።

መልስ የሚሰጥ ከጠፋ ብዙ ኮምፒውተሮች ከ169.254 የሚጀምር ቁጥር ለራሳቸው ይሰጣሉ። ማይክሮሶፍት ከዊንዶውስ 98 ጀምሮ ሲጠቀምበት የቆየው ይህ ልማድ በ2005 ደረጃ ወጥቶለታል። ለጠጋኝ ጥሩ ምልክት ነው፤ ላፕቶፕ ላይ 169.254 የታየ ጊዜ ጥፋቱ ከአገልግሎት ሰጪው መስመር ሳይሆን በላፕቶፑና በራውተሩ መካከል ነው።

192.168 እንዴት የየቤቱ ሆነ

ዲኤችሲፒ የተሠራው ለዩኒቨርሲቲና ለቢሮ ነው። ወደ ቤት ያስገባው የቁጥር እጥረት ነው። የአይፒ ቨርዥን 4 ቁጥሮች በጠቅላላው 4.3 ቢሊዮን ገደማ ናቸው፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ማለቃቸው እንደማይቀር ታውቆ ነበር። በግንቦት 1994 ኬልድ ኢገቫንግና ፖል ፍራንሲስ ናት የተባለውን የአድራሻ መተርጎሚያ ዘዴ አቀረቡ፤ ብዙ ዕቃዎች ከኋላ ተሰልፈው በአንድ የውጭ ቁጥር ይወጣሉ። ለውስጥ አገልግሎት የተለዩት ሦስት የቁጥር ክልሎች፣ 10፣ 172.16 እና 192.168፣ በየካቲት 1996 በአርኤፍሲ 1918 ጸደቁ።

ያለ ተቃውሞ አልነበረም። በሐምሌ 1994 አራት መሐንዲሶች የውስጥ ቁጥር ጎጂ ነው የሚል ሰነድ አወጡ፤ ሁለት ድርጅቶች አንድ ዓይነት ቁጥር ይዘው የተዋሃዱ ቀን ይጣላሉ፣ ቁጥሩ በዓለም ላይ ልዩ መሆኑ ይቀራል የሚል ነበር ሙግታቸው። ከአራቱ አንዱ ኤልየት ሊር ከሁለት ዓመት በኋላ በአርኤፍሲ 1918 አዘጋጆች ዝርዝር ውስጥም ስሙ ይገኛል። ፍርሃታቸው ከንቱ አልነበረም፤ ከዚህ በታች የሚመጣው የሁለት ራውተር ጣጣ የዚያው ትንቢት ትንሹ ቅጂ ነው።

ሦስቱ አቋሞች

ሁሉም አውቶማቲክ ይሁን የሚሉት ወገኖች ጠንካራ ማስረጃ አላቸው፦ የሰው ስህተት የሚገባበት ቀዳዳ የለም። በ192.168.1 ክልል ውስጥ 254 ቁጥሮች አሉ፤ ራውተሩ አንዱን ይዞ 253 ይተርፋሉ። ለምሳሌ ኦፕን ደብሊውአርቲ የተባለው ነጻ የራውተር ሶፍትዌር ሳይነካ ሲቀር ከ100 እስከ 249 ያሉትን 150 ቁጥሮች ለ12 ሰዓት ያከራያል። ይህ ለአንድ ቤተሰብ ከበቂ በላይ ነው። በዚያ ላይ ሶፍትዌሩ የሚሠራበት፣ የሳይመን ኬሊ ሥራ የሆነው ዲኤንኤስማስክ፣ ቁጥሩን የሚመርጠው ከማክ አድራሻው አስልቶ ስለሆነ ያው ስልክ ብዙ ጊዜ ያንኑ ቁጥር መልሶ ያገኛል። «አውቶማቲክ ከሆነ ቁጥሩ ሁልጊዜ ይቀያየራል» የሚለው ስጋት በተግባር የተጋነነ ነው።

የተጋነነ ይሁን እንጂ ውሸት አይደለም። ቁጥሯ በሌላ ዕቃ የተወሰደባት ፕሪንተር፣ በስልክ ላይ ያለው የካሜራ መተግበሪያ የማያገኘው መቅረጫ፣ ከውጭ ፖርት ተከፍቶለት ሳለ ቁጥሩ የተቀየረ ሰርቨር፣ እነዚህ ሁሉ ቋሚ ቁጥር ይፈልጋሉ። ዕቃው ላይ በእጅ መጻፍን የሚመርጡት ወገኖች የሚነሱት ከዚህ ነው። ተጨማሪ ሙግታቸው ዲኤችሲፒ ቢሞት እንኳ በእጅ የተጻፈው ይሠራል የሚል ነው። በድርጅት ውስጥ ይህ ክብደት አለው። በቤት ውስጥ ግን ዲኤችሲፒውም፣ የመውጫ በሩም፣ ዋይፋዩም ያው አንድ ሳጥን ነው፤ ሳጥኑ ከሞተ በእጅ የተጻፈው ቁጥር የትም አያደርስም።

የእጅ ቁጥር አደጋው ጊዜ ጠብቆ የሚፈነዳ መሆኑ ነው። አንድ ፕሪንተር ላይ 192.168.1.105 ተጽፏል እንበል፤ ቁጥሩ ራውተሩ በሚያከራየው ክልል ውስጥ ነው። ዲኤንኤስማስክ አንድን ቁጥር ከመስጠቱ በፊት «በዚህ ቁጥር ሰው አለ?» ብሎ ፒንግ ያደርጋል። ፕሪንተሩ በርቶ ከሆነ ይመልሳል፣ ችግር የለም። ማታ ጠፍቶ ከሆነ ግን መልስ የለም፤ 105 ለእንግዳ ስልክ ይሰጣል። ጠዋት ፕሪንተሩ ሲበራ አንድ ቁጥር የያዙ ሁለት ዕቃዎች ይኖራሉ። ሰነድ አንዴ ይታተማል፣ አንዴ አይታተምም፤ ጥፋቱም በፕሪንተሩ ወይም በኬብሉ ይላከካል።

ሁለተኛው ፈንጂ የራውተር ለውጥ ነው። ከመዳብ ስልክ መስመር ወደ ፋይበር የተዛወረ ቤት አሮጌው ሞደም 192.168.1.1 ላይ የነበረ ሆኖ አዲሱ 192.168.100.1 ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ የሁዋዌ የፋይበር ሞደሞች ብዙዎቹ በዚህ ቁጥር ነው የሚመጡት። አውቶማቲክ የነበሩት ዕቃዎች ሁሉ በዚያው ቅጽበት አዲስ ቁጥር ተቀብለው ይቀጥላሉ። በእጅ የተጻፈባቸው ስምንት ካሜራዎች ግን በማይታይ ክልል ውስጥ ይቀራሉ፤ መሰላል ተይዞ አንድ በአንድ ይዞርባቸዋል፣ ወይም የአዲሱ ራውተር ቁጥር ወደ ድሮው ይመለሳል።

ሪዘርቬሽን በዚህ ሁሉ ላይ ብልጫ አለው። ዕቃው አውቶማቲክ እንደሆነ ይቀራል፤ ውሳኔው ራውተሩ ላይ በአንድ ሰንጠረዥ ይጻፋል፤ ማክ በግራ፣ አይፒ በቀኝ። ራውተሩ የሰጠውን ስለሚያውቅ ለሌላ አይሰጠውም። ራውተር ሲቀየር የሚስተካከለው ያ ሰንጠረዥ ብቻ ነው። እንከኑ በየራውተሩ ወግ መለያየቱ ነው፤ አንዳንዱ የተያዘው ቁጥር ከኪራዩ ክልል ውስጥ እንዲሆን ያስገድዳል፣ ሌላው ከውጭም ይቀበላል። ርካሽ በሆኑ አንዳንድ ሞደሞች ላይ ደግሞ ገጹ ጭራሽ የለም። ያን ጊዜ ብቻ ነው የእጅ ቁጥር ተገቢ የሚሆነው፤ እሱም የኪራዩ ክልል ከ100 እንዲጀምር ተደርጎ፣ የእጆቹ ከ2 እስከ 99 ባለው ውስጥ ከተመደቡ።

ፖርት ለመክፈት ሲል ቁጥር የሚያስይዝ ሰው አስቀድሞ አንድ ነገር ቢያይ ድካም ይቀንሳል። በራውተሩ የሁኔታ ገጽ ላይ ያለው የውጭ ቁጥር ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ክልል ውስጥ ከሆነ፣ ያ በ2012 ለአገልግሎት ሰጪዎች የተለየ የጋራ ክልል ነው። በ10 የሚጀምርም ቢሆን ያው ነው፤ ሌላ ናት ከላይ አለ ማለት ነው። ቤት ውስጥ የቱንም ያህል ቢስተካከል ከውጭ በቀጥታ አይገባም።

የሊዙ ርዝመትና የመብራት ነገር

ሊዙ ስንት ሰዓት ይሁን የሚለው ክርክር በካፌና በሆቴል ትርጉም አለው፤ ሰው በየሰዓቱ በሚለዋወጥበት ቦታ ረጅም ሊዝ ክልሉን በሄዱ ሰዎች ስልክ ይሞላዋል። በቤት ከ12 እስከ 24 ሰዓት ቢሆን ማንም ልዩነቱን አያየውም።

በተደጋጋሚ መብራት በሚጠፋበት ቦታ ግን ሌላ ጥያቄ ይነሳል፦ ራውተሩ መዝገቡን የት ነው የሚያስቀምጠው? ኦፕን ደብሊውአርቲ የሊዝ መዝገቡን በጊዜያዊ ሜሞሪ ስለሚይዘው መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ስልኮቹና ላፕቶፖቹ ባትሪ ስላላቸው የድሮ ቁጥራቸውን ያስታውሳሉ፤ ራውተሩ አያስታውሳቸውም። አርኤፍሲ 2131 እንደሚለው ሰርቨሩ የማያውቀው ደንበኛ የድሮ ቁጥሩን ሲጠይቅ ዝም ማለት አለበት። ደንቡ ብዙ ሰርቨሮች ጎን ለጎን ለሚሠሩበት ግቢ ተገቢ ነው። አንድ ሰርቨር ላለው ቤት ግን የሚያስከትለው መጠበቅ ነው። ስለዚህ ዲኤንኤስማስክ «በዚህ ኔትወርክ ላይ ባለሥልጣኑ እኔ ብቻ ነኝ» የሚል ምርጫ አለው፤ ኦፕን ደብሊውአርቲም ከመነሻው ያበራዋል። ደንቡን መጣስ ነው ማለት ይቻላል፤ ለቤት የሚበጀው ግን መጣሱ ነው።

አንድ ቤት፣ ሁለት አዳይ

ሰፋ ያለ ግቢ ውስጥ ዋይፋይ አልደርስ ሲል ሁለተኛ ራውተር ይገዛል። እዚህ ላይ ያለው ውሳኔ በአንዲት ቀዳዳ ይወሰናል። ከዋናው ራውተር የመጣው ኬብል በሁለተኛው ዋን በተባለው ቀዳዳ ከገባ፣ ሁለተኛው የራሱን ቁጥር ለብቻው ያድላል። ኢንተርኔት ይሠራል፤ ነገር ግን ሳሎን ያለው ቴሌቪዥን መኝታ ቤት ያለውን ስልክ አያየውም፣ ናት በናት ላይ ተደርቧልና። ሁለቱም 192.168.1 ላይ ከሆኑ ደግሞ ሁለተኛው ውስጡንና ውጭውን መለየት ያቅተዋል።

ኬብሉ በላን ቀዳዳ ከገባና የሁለተኛው ዲኤችሲፒ ካልጠፋ ነገሩ ይብሳል። በአንድ ኔትወርክ ላይ ሁለት አዳዮች ይቆማሉ፤ ስልኩ የቀደመውን ይቀበላል። ሁለተኛው ከቀደመ «መውጫ በርህ እኔ ነኝ» ይለዋል፤ እሱ ግን በዋን በኩል ምንም መስመር የለውም። ከአምስት ስልክ ሦስቱ ኢንተርኔት ያገኛሉ፣ ሁለቱ አያገኙም፤ ዋይፋይ አጥፍቶ ማብራት አንዳንዴ ይፈታዋል፣ አንዳንዴ አይፈታውም። መድኃኒቱ የሁለተኛውን ዲኤችሲፒ ማጥፋትና የራሱን ቁጥር ከኪራዩ ክልል ውጭ ወዳለ፣ ለምሳሌ ወደ 192.168.1.2፣ መቀየር ነው። አክሰስ ፖይንት የሚል ምርጫ ያለው ራውተር ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይሠራዋል።

የእምነት ጥያቄ

ዲኤችሲፒ ማንነት አይጠይቅም፤ የመለሰውን ያምናል። በ2001 ማረጋገጫ የሚጨምር ደረጃ ወጥቶ ነበር፤ ቁልፍ አስቀድሞ በየዕቃው መጫን ስለሚፈልግ የአውቶማቲክን ጥቅም ራሱ ያፈርሳል። በተግባር የተጠቀመበት የለም ማለት ይቻላል። በግንቦት 2024 የሌቪያታን ሴኩሪቲ ተመራማሪዎች ታነልቪዥን ያሉትን ጥቃት ይፋ አደረጉ። በ2002 ደረጃ የወጣለት፣ ሰርቨሩ ለደንበኛው የመንገድ ዝርዝር የሚልክበት ቁጥር 121 የተባለ አማራጭ አለ፤ ክፉ ሰርቨር በዚህ ተጠቅሞ የቪፒኤን ተጠቃሚን መልእክት ከቪፒኤኑ ውጭ ያስወጣዋል። አንድሮይድ አማራጩን ስለማይደግፍ ከጥቃቱ ድኗል።

ጥቃቱ የሚያሳስበው ይበልጥ በካፌ ዋይፋይ ነው። ቤት ውስጥ የመጀመሪያው መከላከያ ጠንካራ የዋይፋይ ቃልና ከፋብሪካ የመጣውን የራውተር መግቢያ ቃል መቀየር ነው፤ ራውተሩን የያዘ ሰው ዲኤችሲፒውን ይይዛል፣ ዲኤችሲፒውን የያዘ የሁሉንም ዕቃ ዲኤንኤስ፣ ማለትም የድረ ገጽን አድራሻ ማንን እንደሚጠይቅ፣ ይወስናል።

ከሌላ አቅጣጫ ደግሞ ዕቃው ራሱ ስለ ባለቤቱ ምን ይናገራል የሚል ጥያቄ አለ። ጥሪው ማክ አድራሻውንና ብዙ ጊዜም የዕቃውን ስም ይዞ ይሄዳል። ስልክ ሠሪዎች ለዚህ መልስ የሰጡት ማኩን በመደበቅ ነው፤ አንድሮይድ 10 በ2019፣ አይኦኤስ 14 በ2020 ለየዋይፋዩ የተለየ የውሸት ማክ መጠቀም ጀመሩ። በዚህ ሪዘርቬሽን ይነካል፤ ስልኩ ዋይፋዩን «ረስቶ» እንደገና ከገባ ማኩ ሊለወጥ ይችላል፣ የተያዘለትም ቁጥር ያለ ባለቤት ይቀራል። ልጆች ኢንተርኔት የሚያዩበትን ሰዓት በማክ የሚገድቡ ወላጆችም ያው ችግር ያገኛቸዋል። ፕሪንተርና ካሜራ ግን ማካቸውን አይደብቁም፤ ሪዘርቬሽን የሚያስፈልጋቸውም በዋናነት እነሱ ናቸው።

ያልተቋጨው፦ አይፒ ቨርዥን 6

የቨርዥን 4 ማዕከላዊ ክምችት በየካቲት 2011 ሲያልቅ ተተኪው ተዘጋጅቶ ነበር፤ አመዳደቡ ላይ ግን ስምምነት አልነበረም፣ ዛሬም ሙሉ በሙሉ የለም። ከ1996 ጀምሮ ያለው ስላክ የተባለው መንገድ አዳይ አያስፈልገውም፤ ራውተሩ የጋራውን ቅድመ ቁጥር ያውጃል፣ ዕቃው የቀረውን ራሱ ይሞላል። በ2003 የመጣው ዲኤችሲፒ ቨርዥን 6 ደግሞ ወደ መዝገብ ይመልሳል። የዩኒቨርሲቲና የድርጅት አስተዳዳሪዎች ሁለተኛውን ይሻሉ፤ አንድ ጥፋት ሲደርስ ቁጥሩን ማን ይዞት እንደነበር የሚያሳይ መዝገብ ያስፈልጋቸዋል። የጎግል መሐንዲሶች አንድሮይድ በዚህ መንገድ አንድ ነጠላ አድራሻ እንዲቀበል ለዓመታት አልፈቀዱም፤ ስልክ ብዙ አድራሻ ያስፈልገዋል፣ አንድ ብቻ የሚሰጥ ኔትወርክ ናትን መልሶ ያመጣል ባዮች ናቸው። ሁለቱም እውነት አላቸው። በ2024 የወጣው አርኤፍሲ 9663 ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ አድራሻ ሳይሆን ሙሉ ቅድመ ቁጥር መስጠትን እንደ መካከለኛ መንገድ አቅርቧል፤ መዝገቡ ይኖራል፣ ዕቃውም የፈለገውን ያህል አድራሻ ያወጣል።

ለቤት ክርክሩ የሚነካው በሌላ በኩል ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ አገልግሎት ሰጪው አዲስ ቅድመ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል፤ ባትሪ ያላቸው ዕቃዎች የድሮውን ይዘው ይቆያሉ፣ ገጾችም ይዘገያሉ። በ2021 የወጣው አርኤፍሲ 8978 ችግሩን በሚገባ ዘርዝሯል፤ በሥራ ላይ ያሉ ራውተሮች ሁሉ ግን መፍትሔውን ይዘው አይመጡም።

ስለዚህ ራውተር የሚገዛ ሰው ስለ ፍጥነቱ ከመጠየቁ በፊት ሻጩን ሁለት ነገር ይጠይቅ፦ የዲኤችሲፒ ሪዘርቬሽን ገጽ አለው ወይ? አምራቹስ የሶፍትዌር ማሻሻያ እስከ መቼ ይልክለታል?